እኔ ስወጣ የሚጮኸው ብረት

ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ወንድም ጋሼ ቾልጉ፣ ያለህበት ባሕር ድረስ ይድረስ።

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህ እንዴት ነው? ያ የሞተር ክፍሉ ሙቀት የሚቀሰቅስብህ የወገብ ሕመም ለቀቀህ ወይ? ጥርስህንስ አስነቀልከው ወይስ እስካሁን በግራ በኩል ብቻ ነው የምታኝከው? ባሕሩ እንዴት ይዟችኋል? እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ ከናፍቆትህ በቀር የጎደለብን ነገር የለም። እናታችንም ደህና ናት። በቀደም ስደውልላት ትንንሾቹን ዓሦች ግቢ ውስጥ አስጥታ ከጎረቤት ድመት ጋር ስትጣላ ነው ያገኘኋት። «ለወንድምሽ ስትጽፊ ካልሲውን ይቀይር በይው» ብላኛለች፤ አደራዬን ተወጥቻለሁ። በዕቃ ጫኙ መርከብ የላክንልህ የኪምቺ ጎመን ደርሶ ከሆነ ለመርከቡ ወጥ ሠሪ እንዳታሳየው። ያለፈውን ግማሹን እሱ እንደጨረሰው እስከ ዛሬ እጠረጥራለሁ።

ስጠረጥር ትስቃለህ፤ ግን ይህ አመል በቤታችን ከጡት ጋር የጠባነው ነው። እናታችን የዓሣ ነጋዴውን ሚዛን ገልብጣ ሥሩን ሳታይ ገዝታ ታውቃለች? አንተስ መጀመሪያ መርከብ የወጣህ ጊዜ የሕይወት ጃኬቱን ግቢያችን ካለው የውኃ በርሜል ነክረህ አልነበር የሞከርከው? ስለዚህ አሁን የምነግርህን ነገር ካንተ በላይ የሚረዳኝ ሰው የለም። በስልክ እንዳልነግርህ የመርከባችሁን ስልክ ካፒቴኑ ጆሮውን ተክሎ ይሰማዋል።

ነገሩ የተጀመረው በጸደይ ነው። ወረዳው ለትግል ቡድናችን አዲስ የጉልበት አሰልጣኝ ቀጠረ። ታክ ይባላል፤ ከሴኡል የመጣ፣ ቀጭን፣ መነጽራም፣ ምሳውን ከቤቱ ቋጥሮ የሚመጣ ሰው ነው። ዋናው አሰልጣኛችንን ባንግን ታውቀዋለህ፤ አዳራሽ ውስጥ ሲቆጣ ወደብ ላይ የሚሰማው ሰውዬ። የባንግ ሥልጠና ምንም የሚያሻማ ነገር አልነበረውም። ብረቱን ትከሻሽ ላይ ትጭኛለሽ፣ ቁጢጥ ብለሽ ትነሻለሽ፣ እግርሽ እስኪከዳሽ ትደግሚያለሽ፤ በቃ። ታክ ግን ገና በመጣ በማግስቱ ከሻንጣው ትንሽ ጥቁር ሳጥን አወጣ። ከሳጥኑ ቀጭን ገመድ ይመዘዛል፤ ገመዱን ከዘንጉ ጫፍ ጋር አሰረው። ብረቱ ሲነሳ ገመዱ ይጎተታል፤ ግድግዳው ላይ የሰቀለው ስክሪንም ብረቱ በምን ፍጥነት እንደተነሳ ያወጣል። በዚያ ላይ ስማችንን ከፈጣኑ ወደ ዘገምተኛው ይደረድራል።

«ስንት ኪሎ አነሳሁ የሚለውን እርሱት» አለን። «የትግል ጉልበት ፍጥነት ነው። ሰው ደግሞ ከቀን ቀን ይለያያል፤ እንቅልፍ ካጣችሁ የትናንቱ ብረት ዛሬ ይዘገይባችኋል። ሳጥኑ ያንን ያያል። ከፈጠናችሁ እጨምራለሁ፣ ከዘገያችሁ እቀንሳለሁ። በመካከል ፍጥነታችሁ በጣም ከወረደ ደግሞ ጢጥ ይላል፤ ያኔ ታስቀምጣላችሁ።»

ባንግ ፊቱን አጨፈገገ። «ገና ላባቸው ጠብ ሳይል አስቀምጡ ሊላቸው? ምንድን ነው ይሄ፣ አሰልጣኝ ነው ወይስ ሩዝ ማብሰያ?» አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሳጥኑ ስም ሩዝ ማብሰያው ሆኖ ቀረ።

ልጆቹ ሲንከተከቱ እኔ አልሳቅሁም። ለቹሶክ፣ ለመከሩ በዓል፣ የቡድን ውድድር ከየክብደቱ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚሰለፈው፤ በእኔ ክብደት ደግሞ ዘንድሮ ዳሶም የምትባል ልጅ መጥታለች። የአሳማ አርቢዎች ልጅ ናት፤ ገና ሃያዎቹን መጀመሯ ነው፤ ትከሻዋ የበር መዝጊያ ያክላል፤ ስትናገር ግን ድምጿ ከጉሮሮዋ አይወጣም። ታክ «ከሁለታችሁ ማን እንደሚሰለፍ የሳጥኑን ቁጥርና አሸዋው ላይ ስትታገሉ የምታሳዩትን አይተን እንወስናለን» ሲል ነገሩ ገባኝ። የቡድኑ አምበል እኔ ነኝ፤ አምበልን በቃሽ ብሎ ማሰናበት ያሳፍራል፤ ስለዚህ ሳጥኑ ያሰናብታት ብለው ነው አልኩ። ከዚህ ውድድር ከቀረሁ በዓመቱ መጨረሻ ውሌን የሚያድስልኝ የለም። ልጅ ሆኜ አንተ ባሕሩ ዳር ሳትባውን፣ ያንን የትግል መታጠቂያ ጨርቅ፣ ወገቤና ጭኔ ላይ አስረህ አያያዝ ካሳየኸኝ ጊዜ ጀምሮ ከዚህ አሸዋ ሌላ ምንም እንዳልሠራሁ ታውቃለህ።

ታዲያ ምን ሆነ መሰለህ? በየቀኑ አንደኛ እኔ! ስሜ ከሁሉም በላይ፣ ዳሶም ከታች። ባንግ ስክሪኑን በጣቱ እየደበደበ «አያችሁ! ድሮ የበላችው ሩዝ ነው እንዲህ የሚያስፈነጥራት!» እያለ ልጆቹን ያሸማቅቅልኛል። እኔም አልዋሽህም፣ አንድ ሳምንት ያህል በመስታወት ባለፍኩ ቁጥር ትከሻዬን ስነፋ ከረምኩ።

ከዚያ መጠርጠር ጀመርኩ። ጠዋት ከአልጋ ስወርድ ጉልበቴ እንደ አሮጌ በር እያንቋረረ እንዴት ነው ከልጆቹ ሁሉ የምፈጥነው? በመጀመሪያ የጠረጠርኩት ገመዱን ነበር፤ ከእኔ በኩል ላልቶ ይሆናል ብዬ ቦታ ቀየርኩ፤ ቁጥሩ ያው ነው። ቀጥዬ ታክን ጠረጠርኩ። ወዶኝ ይሆን እንዴ አልኩና አንድ ቀን ምሳዬን አጠገቡ ይዤ ተቀመጥኩ፤ ሰውየው ስለ እንቅልፍና ስለ ጡንቻ እያወራ የባሕር አረም ሾርባዬ ቀዘቀዘ። ያንን ጥርጣሬ ትቼዋለሁ።

በመጨረሻ ዳሶምን ጠረጠርኩ። ልጅቷ በእርግጥ እየደከመች ነበር። ሳጥኑ ዘገየች ባለ ቁጥር ታክ ከብረቷ ላይ ይቀንስላታል፤ በማግስቱ አሁንም ትዘገያለች፣ አሁንም ይቀንሳል። እኔ የማነሳው ሲጨምር የእሷ ሟሸሸ። ታክ ደሟን አስመረመረ፤ ምንም አልተገኘም። ባንግ «ማታ ማታ ተደብቀሽ የራምዮን ኑድል ነው የምትበይው ወይስ ወንድ ነው የያዝሽው?» ብሎ በሁሉም ፊት ጮኸባት። አንገቷን ደፍታ «ይቅርታ፣ እበረታለሁ» አለች። እኔም በልቤ ወንድ ነው አልኩ። ከጎረቤት ወረዳ ቡድን ጋር የልምምድ ግጥሚያ ስናደርግ ደግሞ ሳጥኑ ከመምጣቱ በፊት ዳሶም እንደ ከረጢት ታነሳት የነበረችው ልጅ አሁን እሷን ገልብጣ ጣለቻት። አውቶቡሱ ኋላ ሄዳ ስታለቅስ አየኋት። ብርቱ ተጋጣሚዬ ስለደከመች ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አላለኝም።

ያኔ ነው አንተ ትዝ ያልከኝ። መለኪያው የማይመስል ነገር ሲያሳይ መለኪያውን ከመደብደብሽ በፊት ቧንቧውን ተከትለሽ ሂጂ ትለኝ አልነበር? ቧንቧው የቱ እንደሆነ ግን አላወቅሁም።

አንድ ቀን የወረዳው አስተዳዳሪ ለበዓሉ ማስታወቂያ ከአምበሏ ጋር ፎቶ ልነሳ ብሎ አስጠራኝና ልምምድ አረፈድኩ። ተመልሼ አዳራሹ በር ላይ ጫማዬን ሳወልቅ ከውስጥ ኳ! የሚል ድምፅ ሰማሁ። አንተ አታውቀው እንደሆነ ልንገርህ፤ ብረት ተሸክመህ በፍጥነት ስትነሳ፣ ጫፍ ላይ ስትደርስ ዘንጉ ላይ ያሉት ክብ ብረቶች ዘለል ብለው እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ። በዝግታ ከተነሳህ ድምፅ የለም። ኳ! ኳ! እያለ ይሰማኛል። ከልጆቹ ማን ናት እንዲህ የምታነሳው ብዬ በሩን ስከፍት ብረቱ ሥር ያለችው ዳሶም ናት።

ሁሉም ብድግ ብለው እጅ ነሱ፤ «ደህና መጡ እትዬ!» ዳሶምም ብረቱን እንደተሸከመች አንገቷን ሰበረች። ቀጥላ ቁጢጥ ብላ ተነሳች። ምንም ድምፅ የለም። እንደገና ተነሳች፤ ጸጥ። ሳጥኑ ጢጥ አለ። ታክ ቅንድቡን አኮማትሮ አንድ ነገር ጻፈ።

«ስልኬን ረሳሁ» ብዬ ወጣሁ። በሩ ሲዘጋ፣ ኳ! ገባሁ፤ ጸጥ። «ቁልፌን» ብዬ ወጣሁ፤ ኳ! ልጆች ሆነን የማቀዝቀዣው በር ሲዘጋ መብራቱ ይጠፋ እንደሆነ ለማየት በሩን ስንከፍትና ስንዘጋ እናታችን የተቆጣችንን ታስታውሳለህ? ልክ እንደዚያ ስወጣና ስገባ ታክ «አምበል፣ ሆድዎን አሞዎታል እንዴ?» አለኝ።

ከልምምድ በኋላ እንደ ልማዳችን ገላ መታጠቢያው ሄድን። ዳሶም እንደ ታናሽነቷ ጀርባዬን ልትፈትግ ማሻሻውን ይዛ መጣች። ነጠቅኋትና «ዙሪ» አልኳት። «ኧረ እትዬ፣ እንዴት ተደርጎ!» እያለች ስትሸሽ ትከሻዋን ይዤ አዞርኳትና የእሷን ጀርባ መፈተግ ጀመርኩ። ፊቴን ሳታየኝ ይሻላል ብዬ ነው።

«ብረቱን ለምንድን ነው የምታዘገዪው?» አልኳት።

ቆዳዋ በእጄ ሥር ድንጋይ ሆነ። «እትዬ፣ ስክሪኑ ግድግዳ ላይ ነው እኮ» አለች። «ስም ይደረድራል። የእኔ ስም ከእርስዎ ስም በላይ ይሰቀል? ጎብኚ ይገባል፣ የወረዳ ሰው ይገባል። ማዕድ ላይ እንኳን እርስዎ ማንኪያ ሳያነሱ አናነሳም።»

«ሌሎቹስ?»

«ሁላችንም ነን። መጀመሪያ የሚያነሱት እርስዎ አይደሉ? የእርስዎን ቁጥር እናያለን፣ ከዚያ ትንሽ ዝቅ እናደርጋለን። አንዳንድ ቀን እርስዎ ሲደክምዎት እኛ በጣም ነው የምንቸገረው። እንደ ቀንድ አውጣ መነሳት ከመፍጠን ይከብዳል፣ እትዬ።»

ወንድም ጋሼ፣ ሳቄም ንዴቴም አንድ ላይ መጣ። ቧንቧው እኔ ነበርኩ! ሳጥኑ አልዋሸም፤ ያየውን ነው የተናገረው። ልጅቷ ስታከብረኝ ደካማ መሰለችው፤ ደካማ ስትመስለው ብረቷን ቀነሰ፤ ብረቷ ሲቀንስ በእርግጥ ደከመች። «ደምሽን ሲወጉሽ፣ ባንግ ወንድ ይዘሻል ብሎ ሲያዋርድሽ ዝም ያልሽው ለዚህ ነው?» አልኳት። «ምን ልበል? እትዬን ላለማሳፈር ነው ብል ያው አሳፈርኩዎት ማለት አይደል?» አለችኝ። ጀርባዋ በርበሬ እስኪመስል ፈትጌያት ኖሯል።

ያን ዕለት ለማንም አልተናገርኩም፤ በማግስቱም አልተናገርኩም። ከአንተ ልደብቅ አልችልም። ዝም ብል ቦታው የእኔ ነው፤ ውሌም ይታደሳል፤ ማንም አያውቅም። ልጅቷ እንደሆነች ቃል አይወጣትም። ለሌላው ሰው የሚተርፈው ጥርጣሬዬ ወደ ራሴ ዞረ። የምር አላወቅሁም ነበር ወይስ አንደኛ መባሉ ስለጣመኝ ጆሮዬን ደፍኜ ነው? እስካሁን መልሱን አላገኘሁትም። ዳሶም ግን በእነዚያ ቀናት ከብረቷ አሁንም ተቀነሰባት፤ ያንን ቆሜ ማየት አቃተኝ።

ታክ ምሳውን ሲከፍት ሄጄ «ሳጥንህ ደህና ነው፤ ያበላሸሁት እኔ ነኝ» ብዬ ሁሉንም ነገርኩት። ሰውየው ቾፕስቲኩን አስቀመጠና መነጽሩን አወለቀ። «እኔ እኮ ሌሊት ሌሊት ስለ ደም ማነስ ሳነብ ነው የከረምኩት» አለ። ወዲያው ስክሪኑን ወደ ግድግዳው አዞረው። ለውጥ የለም፤ ልጆቹ እኔ ስነሳ ብረቱን በጆሯቸው ይሰሙታል። ባንግ ደግሞ በራሱ መንገድ ሞከረ፤ «ዛሬ ከአምበሏ የዘገየች የአምበሏን ልብስ ታጥባለች!» ብሎ ፎከረ። ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ሁሉም ልብሴን ሊያጥቡ ተሻሙ።

ስለዚህ አንድ መንገድ ብቻ ቀረ። እነሱ ብረት ሲያነሱ እኔ ከአዳራሹ እወጣለሁ። የራሴን ማንም ሳይመጣ ጠዋት ከታክ ጋር ብቻ አነሳለሁ፤ የእነሱ ሰዓት ሲደርስ ደጃፉ ላይ ጫማዎቹ መካከል እቀመጣለሁ። መጀመሪያ ቀን በሩን ዘግቼ ስቀመጥ ለአፍታ ጸጥ አለ፤ ከዚያ ኳ! ከዚያ እንደገና ኳ! አዳራሹ ሙሉ ብረት ሆነ። ደስ አለኝ ብልህ ትጠረጥረኛለህ፤ ልክ ነህ። ያሳደግኳቸው ልጆች እኔ ሳልኖር እንዲህ የሚበረቱ ከሆነ እኔ ለምን አለሁ ብዬ የሰው ጫማ ታቅፌ አለቀስኩ። ስመለስ ታክ ስክሪኑን ወደ እኛ አዙሮታል፤ ዳሶም አናት ላይ ናት፤ እኔ ከብዙዎቹ በታች። ልጆቹ እንደ ለቅሶ ቤት አቀርቅረው ቆመዋል። «ምን ትገተራላችሁ? ሩዙ ይቀዘቅዛል፣ እንሂድ» አልኳቸው። ማንኪያዬን ሳላነሳ ግን አንዷም አልበላችም፤ እሱን ማስተው የሚቻል አይመስለኝም።

የዳሶም ብረት ተመልሶ ጨመረ፤ ትከሻዋም ወደ ቦታው ተመለሰ። የቀረው አሸዋው ነበር፤ ትናንት ባንግ እኔንና እሷን አጋጠመን። እንደምታውቀው አሸዋው ላይ ከበር ወጥቼ ልተዋት አልችልም። ተንበርክከን ትከሻ ለትከሻ ገጥመን ሳትባ ስንያያዝ ላላ አድርጋ እንደያዘችኝ ተሰማኝ። አፌን ጆሮዋ ሥር አድርጌ «እንደ ብረቱ ካደረግሽኝ ዳግመኛ እትዬ ብለሽ እንዳትጠሪኝ» አልኳት። አያያዟን አጠበቀች።

ፊሽካው ተነፋ። አንተ ባሕር ዳር ባስተማርከኝ አያያዝ፣ ጉልበቴ እስኪንቋረር፣ ጥርሴን ነክሼ ጎተትኳት። አንድ ጊዜ ከመሬት ላነሳት ደርሼም ነበር። ከዚያ ሆዷ ሆዴን ሲገፋ ብቻ ትዝ ይለኛል፤ ወለሉንና ጣሪያውን በቅጡ ሳልለይ በጀርባዬ አሸዋው ላይ ነኝ። ዳሶም እጇን ዘርግታ «እትዬ» አለች።

አሁን ይህን ስታነብ ምን እንደምትል አውቃለሁ። አዝናላት ለቅቃ ነው ትላለህ። ጠርጥረኝ፤ መብትህ ነው። እኔ ግን ያለኝን ሁሉ ነው የያዝኳት፤ ከዚያ በላይ ጉልበት ቢኖረኝ አወጣው ነበር። አሸዋው እስካሁን ከጆሮዬ አልለቀቀም። ለቹሶክ የምትሰለፈው እሷ ናት፤ እኔ ሳትባዋን አስርላታለሁ። ከዓመቱ መጨረሻ በኋላ ምን እንደምሠራ አላውቅም፤ ለእናታችን ገና አልነገርኳትም፤ አንተም ስትደውል እንዳታወጣ።

ባለቤትህ ደህና ናት፤ ብርድ ሳይገባ ያቺን ወፍራም ሹራብ ትልክልሃለች። ልጅህ ሁለት የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል፤ አባቴ ከባሕር ማዶ ጥርስ ያመጣልኛል እያለች ለሠፈሩ ልጆች ትጎርራለች። እናታችን ጉንጭህን ትስማለች። ባንግ «ያ ሰነፍ ወንድምሽ ሰላም ነው ወይ?» ይልሃል። ታክ አያውቅህም፤ ስለ ቧንቧው ያልከኝን ስነግረው ግን ሰላምታ አድርሺልኝ አለ። ለካፒቴናችሁ ሰላም በልልኝ፤ ለወጥ ሠሪው ግን አትበልልኝ። ዳሶምም አጠገቤ ተቀምጣ የነገ ሳትባዋን እያጠፈች ነው። እጅ ትነሳሃለች። ሰላምታዬን ከእትዬ ስም በታች፣ በትንሹ ይጻፉልኝ ብላ ለምናኝ ነበር። በትልቁ፣ ከስሜ በላይ ጻፍኩት።

የምትወድህ እህትህ
ኦክጁ

ሃንሶ ወረዳ፣ የትግል ቡድኑ ማደሪያ
በስምንተኛው የጨረቃ ወር መባቻ፣ ቹሶክ ሁለት ሳምንት ሲቀረው